በመስኮቱ በኩል ያለው ወንበር

ይድረስ ለወንድሜ፣

ይህን ብዕር የያዘችው እጅ የእኔ አይደለችም። የእኔ እጅ ከልስንና ከቀለም በቀር የምታውቀው ነገር እንደሌለ ታውቃለህ። የምትጽፍልኝ አብራኝ የምትማር የጥርስ ሐኪም ናት። የምለውን ሳትቆርጥ፣ ሳታለሰልስ እንድትጽፍ ቃል አስገብቻታለሁ።

እንደምን ከረምክ? ዘጠኝ ዓመት መክረም ከተባለ። ዋርሳዬ ሚስትህስ እንዴት ናት? ልጆቹስ? የግራ ዳሌህ ሕመም ብርድ ሲሆን ይብሳል ሲሉ ሰምቻለሁ። የሰማሁት ጠይቄ ነው። እኔ ደህና ነኝ፤ በሰባ አንድ ዓመቴ ተማሪ ሆኛለሁ።

አትሳቅ። ከከተማው ወጣ ብሎ ኮረብታ ላይ፣ የዮጋ አስተማሪ መሆን የሚፈልጉ ሰዎች ገብተው እየኖሩ የሚሠለጥኑበት ግቢ አለ። የአዳራሹን ጣሪያ ልለስን ሄጄ ነበር። አስተማሪዋ አንዲት ፀጉሯን አሳጥራ የተቆረጠች ቀጭን ሴት ናት። መሰላል ላይ በአንድ እግሬ ቆሜ ስሠራ ከታች ሆና ብዙ አየችኝ። ስወርድ፣ ይህን ማን አስተማረዎት አለችኝ። ሆዴ አልኳት። ሥራውን ስጨርስ ከሠልጣኞቹ ጋር ወር ከግማሽ እንድቀመጥ ጠየቀችኝ። ማንበብ አልችልም ብላት፣ እየሰሙ ይማራሉ አለች። ይኸው ገባሁ።

ውሏችን እንዲህ ነው። ማለዳ ደወል ይደወላል። ተጣጥበን አዳራሽ እንገባና ምንጣፍ ላይ ተቀምጠን፣ አንዱን የአፍንጫ ቀዳዳ ዘግተን በሌላው እንተነፍሳለን። ከዚያ መታጠፍ ነው፣ መዘርጋት ነው፣ በአንድ እግር መቆም ነው። አጠገቤ የሚቆመው የባንክ ሥራ አስኪያጅ የነበረ ሰው ነው፤ በየቀኑ እኔ ላይ ይወድቃል። ሥራ አስኪያጅ፣ እኔ ግድግዳ አይደለሁም ብዬዋለሁ። የሁሉም ማብቂያ ሬሳ መሆን ነው፤ በጀርባህ ተንጋለህ፣ እጅ እግርህን ዘርግተህ ጸጥ። ልጄ፣ እኔ በዚህ ዕድሜዬ ይህን ለመለማመድ አልቸኩልም አልኳት አስተማሪዋን። ሳቀች እንጂ አልማረችኝም።

ከቁርስ በኋላ ሰው ሁሉ ቤት ይጠርጋል ወይም ሳህን ያጥባል። ይህንንም መንፈሳዊ ሥራ ይሉታል። ሥራ አስኪያጁን ኮሪደር አጠራረግ ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ መጥረጊያውን እንደ እስክሪብቶ ነበር የሚይዘው። ከሰዓት በኋላ ስለ አጥንትና ስለ ጅማት እንማራለን። ሌሎቹ ይጽፋሉ፣ እኔ በቃሌ እይዛለሁ። በቃል ፈተናው የበለጠችኝ ይህቺ የጥርስ ሐኪም ብቻ ናት፤ እሷም በአንድ ጥያቄ። በሁለት ነው ትላለች። ይጻፍላት።

ከእራት በኋላ እስከ ቁርስ ደግሞ ዝምታ ነው፤ አንድ ቃል ከአፍ አይወጣም። ሥራ አስኪያጁ በሦስተኛው ቀን ጨንቆት አለቀሰ። እኔ ግን ከገዛ ወንድሜ ጋር ዘጠኝ ዓመት ዝም ያልኩ ሰው ነኝ፣ ይህቺ ለእኔ ምን አላት ብዬ ተኮፈስኩ። አንድ ቀን ቁርስ ላይ ዝምታው ሲፈታ፣ አስተማሪዋ ምን ላለመናገር ዝም እንዳልን በየተራ ጠየቀችን። እኔ ዘንድ ስትደርስ መልስ አጣሁ።

በዕድሜዬ መልስ ያጣሁባቸው ቀኖች ሁለት ናቸው። በመጀመሪያው አንተም ነበርክ። የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ግድግዳ ስንለስን የቆምክበት የመወጣጫ ጣውላ ከድቶህ አንተ መሬት ላይ ተዘርረህ፣ ፎርማኑ፣ ይህን ጣውላ ማን ነው ያሰረው አለ። እኔ ዝም አልኩ። እሱም የወደቀው ሰው ራሱ ነው ብሎ ጻፈ። አንተ ያን ጠዋት ገመድ በእጅህ እንዳልነካህ ታውቃለህ። ከሆስፒታል ስትወጣ የለመንከኝ አንድ ነገር ነበር፤ ዋርሳዬ ፊት ቆሜ አንዲት ቃል እንድናገር። እኔ ደግሞ፣ ወንድሜ ሊያስወነጅለኝ ነው ብዬ በሩን ድርግም አድርጌ ወጣሁ።

ጸሐፊዋ እዚህ ላይ እስክሪብቶዋን አቁማ ታየኛለች። ጻፊ ብያታለሁ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ። በመጪው እሁድ ጠዋት የመጨረሻው ፈተና ነው። እያንዳንዳችን ከገዛ ቤተሰባችን ዮጋ የማያውቅ አንድ ሰው አምጥተን፣ አስተማሪዋ ፊት ለአንድ ሰዓት እናስተምረዋለን። ይህን ያላደረገ አስተማሪ አይባልም። የሚመጡት ሰዎች ስም በሩ ላይ ተለጥፏል። ሥራ አስኪያጁ እናቱን፣ ይህቺ ባሏን ታመጣለች። የእኔ ቦታ ባዶ ነው አሉኝ። አስተማሪዋ ወጥ ሠሪዋን ላበድርዎት አለችኝ። የእኔ ሰው አለ አልኳት።

የእኔ ሰው አንተ ነህ። መታጠፍ አልችልም እንዳትለኝ። ምንጣፍ ላይ አላስተኛህም፤ በመስኮቱ በኩል መደገፊያ ያለው ወንበር አስቀምጬልሃለሁ። ከበሩ አሥራ አራት እርምጃ ነው፣ ደረጃ የለውም። ዳሌህ እስከ የት እንደሚታዘዝህ ስለማላውቅ፣ ከምሳ በኋላ ሌሎቹ ሲያርፉ የራሴን ግራ እግር ከመጥረጊያ እንጨት ጋር በሻሽ አስሬ እዚያው ወንበር ላይ እለማመዳለሁ። አራት ሳምንት ሆነኝ። ከወንበር መነሳት እንዲህ እንደሚያለፋ አላውቅም ነበር። ሥራ አስኪያጁ አይቶኝ፣ አባባ፣ እግርዎን ምን ነካው አለኝ። የእኔ እግር አይደለም አልኩት።

ስትመጣ ልታናግረኝ አትገደድም። አስተማሪ ይናገራል፣ ተማሪ ይተነፍሳል፤ የዚህ ቤት ሕግ ይህ ነው። ዋርሳዬን ግን ይዘሃት ና። ሰው ሁሉ ገብቶ ከተቀመጠ በኋላ፣ አየር ሳቡ ከማለቴ በፊት፣ ቆሜ የምናገረው አለኝ። ያን ጊዜ የጠየቅከኝን ያህል ነው፣ አይረዝምም። እሷ ብትሰማው እወዳለሁ። ባትመጡም እናገረዋለሁ። ለባዶ ወንበር አስተምሬ እወድቃለሁ እንጂ፣ እዚያ ላይ ሌላ ሰው አላስቀምጥም።

ጉልበትህን ያጽናልህ። የልጆችህን ቁም ነገር ያሳይህ። ከእኔ ዕድሜ ቀንሶ ለአንተ ይጨምርልህ።

ታላቅ ወንድምህ

በቃ፣ አለቀ። በይ አሁን ከላይ ጀምረሽ ቀስ ብለሽ አንብቢልኝ። ፎርማኑ የጠየቀበት ጋ ስትደርሺ ድምፅሽን ከፍ አድርጊው፤ እሁድ ሰው ፊት ስለምለው ከወዲሁ ጆሮዬ ይልመደው።