በሦስት ጣት ቁንጥጫ፦ የእትዬ ሱኬሺ ማንኪን ሕይወት

እትዬ ሱኬሺ ከእናታችን ከሮንጂ ማንኪንና ከአባታችን ከጆቲን ቺራን፣ ሃሉዋጋት ከተማ አጠገብ እዚሁ መንደራችን ተወለዱ። መታወቂያቸው እ.ኤ.አ. 1952 ይላል፤ እናታችን ግን ዝሆኖቹ ሩዙን የረገጡበት ዓመት ነው ይሉ ነበር። የቱ ልክ እንደሆነ አላውቅም፤ ሁለቱንም ጻፍኩት።

በሚሲዮን ትምህርት ቤት እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። በ1973 አቶ ፕሮኖይ ሪቺልን አገቡ፤ እኛ ዘንድ ስምም ቤትም በእናት ነውና፣ ባልየውም እንደ ደንባችን ቤታችን ገቡ። ሦስት ልጆች ወለዱ። የመጀመሪያዋን፣ ሺላን፣ በሁለት ዓመቷ ተቅማጥ ባንድ ቀን ወሰደብን።

በ1981 እናቶችን የተቅማጥ መድኃኒት መበጥበጥ የማስተማር ሥራ ያዙ። ጨው በሦስት ጣት ቁንጥጫ፣ ጥቁር ስኳር አንድ ጭብጥ፣ ውሃ ግማሽ ሊትር። ከወር በኋላ ፈታኝ ይመጣል፤ እናቶቹ ባስታወሱት ልክ ለእትዬ ይከፈላቸዋል። ይኼ ነገር ያኔም ግራ ገባኝ፣ አሁንም ግራ እንደገባኝ ነው።

ፈታኙ እኔን፣ ታናሻቸውን ሎቲካን፣ ሲጠይቀኝ አፌ ተያያዘ። ጎረቤታችን ቢናፓኒ እንደ መዝሙር አወረደችው። እትዬ በኔ ምክንያት ተቀነሰባቸው።

«ለሐሜት ሲሆን ማን ይችልሽ ነበር! ዛሬ ምላስሽን ምን ያዘው?» አሉኝ።

«እትዬ፣ እጄ'ኮ ያውቀዋል።»

«ለእጅሽ ማን ይከፍለኛል?»

በዚያው ክረምት የእኔም የቢናፓኒም ልጆች ተቅማጥ ያዛቸው። እኔ በጠበጥኩ፤ ልጄ ሱቦል ዳነ። ቢናፓኒን እናቷ «ለሚያስቀምጠው ልጅ ደግሞ ውሃ? ልትገይው ነው?» ብለው ከለከሏት። ልጇ ሞተ። ለሷ መልስ ግን ሙሉ ተከፍሎ ነበር። እትዬ ከዚያ ወዲያ አያቶችንም እየሰበሰቡ ያስተምሩ ጀመር። ለአያቶች የሚከፍል አልነበረም።

ኋላ አንድ የተማሩ ሰው መጥተው፣ አንድ ልጅ ማዳን ከአንድ ዶሮ ዋጋ ያንሳል ብለው አስረዱን። ደስ እንዲለን ነበር። እትዬ «ለሺላዬ አንድ ዶሮ አላጣም ነበር'ኮ» አሉ።

በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት የመርሳት በሽታ ያዛቸው። ሐኪሙ ቀኑን፣ ወሩን ሲጠይቋቸው አንዱንም አልመለሱም። እኔንም «አንቺ የማን ልጅ ነሽ?» ይሉኝ ነበር። ጨው ሲያዩ ግን ሦስቱ ጣቶቻቸው ይገጥሙ ነበር።

በ2024፣ ከፋሲካ በፊት ባለው ማክሰኞ ዐረፉ። ባለቤታቸው ቀድመዋቸዋል። ሁለት ልጆችና አምስት የልጅ ልጆች ትተዋል። ሱቦልም ዛሬ ሣጥኑን ከተሸከሙት አንዱ ነው።

ጌታ ሆይ፣ ስትጠይቃቸው ቃል ቢጠፋቸው፣ እጃቸውን እይላቸው። ነፍሳቸውን ከሺላ ጋር አኑርልን። አሜን።