አንድ ኮት ለሁሉም

ሰኞ

ዛሬም ከአልጋ አልወረደችም። የልጅ ልጄ ሜሮን ዩኒቨርሲቲ ፎቶ ማንሳት ትማራለች። ድሮ ቢነግሩኝ እስቅ ነበር፤ አሁን ሳቅም ጥርስ ይፈልጋል።

ዓርብ የመመረቂያ ሥራዋን ታስረክባለች። መርካቶ እህል በረንዳ ሄዳ ጆንያ የተሸከሙ ኩሊ ልጆች አንስታ ነበር። መምህሯ «ይሄን ሁሉም አንስቶታል» ብሎ መለሰባት። ከዚያ ወዲህ በስልኳ የሰው ሥራ፣ ፈረንጅ ያነሳውን ፎቶ፣ ስታይ ትውላለች።

«የሰው ሠርግ በማየት ትዳር አይያዝም» አልኳት።

«ይተዉኝ አባባ። ትምህርቱን ላቆም ነው።»



ማክሰኞ

ሻይ ስታቀርብልኝ ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶዬን አየችው። ከተወለደች ጀምሮ እዚያው ነው፤ ፈረንጅ ስላላነሳው ይሆናል ያላየችው። ከገጠር መጥቼ እህል በረንዳ ኩሊ ሳለሁ ሶማሌ ተራ ፎቶ ቤት የተነሳሁት ነው። ኮት፣ ክራባት፣ ከኋላዬ ሸራ ላይ የተሳለ አውሮፕላን።

«ኮቱ የት ሄደ?»

«የኔ መሰለሽ? የፎቶ ቤቱ ነው። በሩ ላይ ተሰቅሎ የመጣው ሁሉ ይለብሰዋል። ተክለ ሃይማኖት ያለ ሽማግሌ ቤት ሁሉ ብትገቢ ያንኑ ኮት ታገኚዋለሽ። የሚያምረው ግን እኔ ላይ ነው።»

አልሳቀችም። የፎቶ አንሺውን ስም ጠየቀችኝ። ረስቼዋለሁ። ሞቷል፤ ቤቱም ፈርሷል። ያን ሁሉ ኩሊ ጌታ አስመስሎ እያነሳ ፎቶውን ለየእናቱ ያስላከ ሰው፣ ስሙን የሚያነሳለት የለም።

ከሰዓት ጎረቤት ዞራ የሽማግሌዎቹን ፎቶ አየች። እውነትም ኮቱ አንድ ነው። ተመልሳ የሠርግ ኮቴን ከሳጥን አወጣች። ማንን አስፈቅዳ።

ረቡዕ

እህል በረንዳ አብሬያት ሄድኩ፣ ኮቴን ልጠብቅ። ልጆቹ ሲያዩዋት ፊታቸውን አዞሩ።

«እህቴ፣ ዛሬም ጎብጠን ነው የምታነሺን?» አላት ከድር የሚባለው።

«አይደለም። አቋቋምህን አንተ ምረጥ።»

ኮቱን አየው። እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ለበሰው። ከዚያ በኋላ ወረፋ ሆነ። አንዱ ባርኔጣዬን ወሰደ፣ አንዱ ከዘራዬን። ራቁቴን ሳልቀር ተመለስን።

ሐሙስ

አሳትማ ልታሳያቸው ሄደች። ባዶ እጇን መጣች። እያንዳንዱ የራሱን ተቀብሎ፣ መርቋት፣ ኪሱ ከተተው። ፎቶ የተነሺው ነው ብለው ነዋ። በኛም ጊዜ እንደዚያ ነበር። የከድር እንዲያውም በመንገደኛ እጅ ወልቂጤ ወደ እናቱ እየሄደ ነው።

«ተቀበያቸው እንጂ።»

«እንዴት ብዬ አባባ? ‹እናቴ አሁን ሰው ሆነ ትላለች› አለኝ እኮ።»

ሌላ ለማሳተም ጊዜም አቅምም የለም። እሷ አለቀሰች። እኔ መምህሩን ሰደብኩት፤ ምን እንዳጠፋ እንጃ።

ዓርብ

«ሥራሽ የታለ?» አላት መምህሯ።

«ባለቤቶቹ ወሰዱት።»

ስልኳን ሰጠችው። አንድ በአንድ አየና «ሰኞ ታትሞ ይምጣ» አለ። ወደደው ወይስ አዘነላት፣ አልገባትም። እኔን የሚመረኝ ሌላ ነው፤ ይሄን ሁሉ ዘመን ኖሬ፣ ኩሊ ዛሬም ሰው ለመባል የሰው ኮት መዋሱ።

ኮቱ ትከሻው ላይ የጤፍ ብናኝ አለበት። ልታራግፈው ስትል ነጠቅኳትና ለብሼው ተቀመጥኩ።

«አንሺኝ። የማይወሰድብሽ አንድ እንኳ ይኑርሽ።»

«እርስዎም ይወስዱታል።»

«አትስጊ፣ የምልክላት እናት የለችኝም።»

በዚህ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። እኔ ግን ቀልዴን አልነበረም።