ስምዎን ከደረትዎ ያነሱበት ወር

ውድ ሚስ ኦፓል፣

ይህን ደብዳቤ ማንም አላረመልኝም። በስድሳ አንድ ዓመቴ ማንበብ የቻልኩ የከተማችን ብቸኛው ጣራ ሠሪ እኔ ነኝ። ሌሎቹ በልጅነታቸው ነው የቻሉት፤ ያ ምኑ ይደንቃል?

ቤተ መጻሕፍቱን ለቀው እህትዎ ዘንድ ከሄዱ ሦስት ሳምንት ሆነ። ልጆች ሲጎረምሱ ሰውነታቸው እንዴት እንደሚለወጥ በሚያስረዳው መጽሐፍ የተነሳ ከከሰሱዎት ወዲህ፣ ማታ ማታ እዚያው በሚያስተምሩን ክፍል ሁሉን አይ ነበር። መጀመሪያ ስምዎ ያለበትን ባጅ ከደረትዎ አነሱ። ስልክ ሲጮኽ ይደነግጡ ጀመር። አንድ ማታ የልጆቹን መደርደሪያ ስነካ፣ «ሌስተር፣ ማን ልኮህ ነው?» አሉኝ። እኔ ሳቅሁ። እርስዎ አልሳቁም።

ከሳሹን ፈልጌ ላገኝ ተነሳሁ። የፖስታ አመላላሿን ፈገግታዋ በዝቶብኝ ጠረጠርኳት፤ አማቼን ደግሞ ዝምታው በዝቶብኝ። በኋላ በእርስዎ ላይ የቀረበው አቤቱታ ቅጂ ለጠየቀ ሁሉ እንደሚሰጥ ሰማሁና ማዘጋጃ ቤት ሄድኩ።

«ምን ሊያደርግልህ ነው ሌስ?» አለችኝ ጸሐፊዋ ቨርና፣ ከመነጽሯ በላይ እያየችኝ።

«የሚያፈስበትን ቀዳዳ ፍለጋ ነዋ! ሙያዬ አይደል?»

መኪናዬ ውስጥ በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት። «ይህች ሴት ልጆቻችንን ታበላሻለች፤ ትባረር» ይላል። ከሥሩ አርባ ስም አለ። አሥራ አንደኛው የእኔ ነው።

ባለፈው መስከረም፣ ክፍልዎ ከመግባቴ በፊት፣ ጎማ መጠገኛ ቤት ወረቀት ሲዞር ነበር። ወረቀቱን የሚያዞረው ሜርል፣ «የመንገዱ ጉድጓድ ይደፈን ነው የሚለው፤ ፈርም እንጂ አንተ» አለኝ። ያኔ ከስሜ በቀር አንድ ቃል መጻፍም ማንበብም አልችልም ነበር፤ ያንን ደግሞ ከሞተችው ሚስቴ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። አፈርኩ። ቀልድ ጣል አድርጌ፣ አሳምሬ ፈረምኩ።

የፈራሚዎቹ ዝርዝር ግን ከመጀመሪያው በእርስዎም እጅ ነበር፣ ሚስ ኦፓል። እያወቁ ነው ፊደል ያስቆጠሩኝ። ሊሰልለኝ መጣ ብለው እየፈሩኝ፣ ማክሰኞና ሐሙስ አንድም ቀን ሳይቀሩ።

ሰኞ የቤተ መጻሕፍቱ ቦርድ ይሰበሰባል። ሦስት ደቂቃ ይሰጡኛል። ስሜን አሰርዛለሁ፤ ስፈርም ማንበብ አልችል እንደነበርም በከተማው ሁሉ ፊት እናገራለሁ፤ ሜርልም ይስማ። ይስቁብኝ። ይመለሱ አልልዎትም፤ ይመኑኝም አልልም። እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን እኔን አላምንም።

ይህንን ግን አንብቤ ነው የፈረምኩት፣
ሌስተር ክራብትሪ