ከሁሉም ኋላ የምትቀረው ድምፅ

ጥቅምት 8፣ ሰኞ ጠዋት

ላፕቶፑ ዛሬም አልነሳም አለ። ሰማያዊ፣ ከዚያ ጥቁር። ዊንዶውሱ አፕዴት ሲያደርግ መብራት ከጠፋ ወዲህ እንዲሁ ነው፤ ባትሪው እንደሆነ ድሮውንም የሞተ። ጥገና ቤት ወሰድኩት። ልጁ ገና ሳያየው ፎርማት ላድርግልሽ አለኝ። ፎርማት! እማዬ ካረፈች ወዲህ ድምፅዋ የቀረው እዚህ ላፕቶፕ ውስጥ ብቻ ነው፤ የቀዳሁበት ስልክ ተሰርቋል። ነጥቄው ወጣሁ።

አባባ ከበዴሳ ደወለ። መዋሸት አቃተኝ፣ ነገርኩት። ማስታወሻዬ፣ ዓይኑ እንደደከመ ታውቂያለሽ። ፎቶዋ ለሱ ምኑ ነው?

ጥቅምት 9፣ ማክሰኞ ከሰዓት

ት/ቤት። አብሮኝ አይሲቲ የሚያስተምረው መ/ር ታሪኩ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስኩን አዋሰኝ። እስከ ቅዳሜ ብቻ። ቅዳሜ ፎርማት አድርጎ ቤሌ ከተማ ላለው ወንድሙ ይልከዋል።

ላፕቶፑን ከፍላሽ፣ ኡቡንቱ በሚባለው ሌላ ሲስተም አስነሳሁ። የላፕቶፑን ዲስክ አየው፤ ልክፈተው ስል እምቢ። ቀጭ ቀጭ ይላል። ታሪኩ በሚሞት ዲስክ ላይ አይሠራም፣ መጀመሪያ ቅጂውን ውሰጂ አለ። ዲዲሬስኪው የሚባለውን ፕሮግራም ጀመርኩ። የሚነበበውን ወደ ታሪኩ ሃርድ ዲስክ ይገለብጣል፣ ያቃተውን ዘሎ ኋላ ይመለስበታል። እንደ ኤሊ። ጌታ ሆይ፣ መብራት አደራ!

ጥቅምት 10፣ ረቡዕ

ቅጂው አለቀ። የላፕቶፑ ዲስክ ከዚያ ወዲያ ትንፍሽ አላለም። አረፈ።

የጠፋ ፋይል የሚያወጣውን ፎቶሬክን ቅጂው ላይ ለቀቅኩት። ፋይሎቹ መጡ፣ እልል! ግን ስም የላቸውም፤ ቁጥር ብቻ። አንድ በአንድ መስማት ነው። የስብሰባ ጫጫታ፣ የሰው ሠርግ፣ የተማሪ ሳቅ። እማዬ ቤት ውስጥ ብቻዋን ስትጸልይ የቀዳሁት የለም። እንደገና ፈለግኩ። የለም። ስታፍ ውስጥ አለቀስኩ፣ ሰው እያየኝ።

ጥቅምት 11፣ ሐሙስ

የተረፈው አንድ ነው፤ የቤ/ክ እናቶች መዝሙር። እማዬ መሃላቸው ናት። ደጋግሜ ሰማሁ። የቷ ናት? የገዛ እናቴን አላወቅኳትም! ሰው እንዲህ ቶሎ ይረሳል? አፈርኩ።

ደግሞ አንዲት ሴትዮ አለች፣ የምታበሳጭ። ስንኙ ባለቀ ቁጥር ሁሉም ዝም ሲሉ እሷ ብቻዋን ትቀራለች። አባባ ጥርት ያለውን ይስማ ብዬ እነዚያን ጭራዎች ቆረጥኳቸው። አማረ። የተስተካከለውን አዲሱ ስልኬ ላይ ጫንኩ፣ ሃርድ ዲስኩን ከነቅጂው፣ ያልተቆረጠው መዝሙር እዚያው እንዳለ፣ ለታሪኩ መለስኩ።

ጥቅምት 12፣ ዓርብ ማታ፣ በዴሳ

አባባ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ እስከ መጨረሻው ሰማ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ "እናትሽ የለችበትም" አለኝ።

አለች ብዬ ተከራከርኩ። ሳቀብኝ። ያን የማይሰማ ጆሮዋን ረሳሽው ወይ አለ። የጎረቤቷን አፍ እያየች ነበር የምትዘምረው፣ ስለዚህ ሁልጊዜ ከሰው ኋላ ነው የምትጨርሰው። እሱ ደግሞ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ እሱኑ ይጠብቅ ነበር።

"ሁሉም ሲጨርሱ የኔዋ ትመጣለች።"

ወይኔ ልጅቱ! ብቻዋን የተሰማችበትን፣ ያንኑ፣ በገዛ እጄ።

ለታሪኩ ደወልኩ። ዝግ ነው። እባክህ ፎርማት እንዳታደርገው ብዬ ጻፍኩለት። አልደረሰውም።

አባባ ምን ሆነሻል ይለኛል። ትንሽ ቀርቶኛል፣ ነገ አመጣልሃለሁ አልኩት። አምኖኝ ተኛ።

ነገ ቅዳሜ ነው። በመጀመሪያው ሚኒባስ ወደ ሶዶ እመለሳለሁ፣ በቀጥታ ታሪኩ ቤት። እሱ ደግሞ ያለውን ቀን አያሳልፍም፤ በጠዋት ከተነሳ እኔ ሳልደርስ ፎርማት ያደርገዋል።