በባለቤታቸው ዓይን ሌሊትን የሣሉት የሠዓሊ ሣህሉ ወልደ ጻድቅ የሕይወት ታሪክ

ሠዓሊ ሣህሉ ከአባታቸው ከቄስ ወልደ ጻድቅ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ የብርጓል በዘጌ፣ ከሐይቁ ብዙ በማይርቅ በቡና ጫካ ውስጥ ባለ ቤት፣ በጥቅምት ወር 1946 ዓ.ም. ተወለዱ። ለትምህርት ሲደርሱ ከአባታቸው ዘንድ ፊደል ቆጠሩ፤ ዳዊት ደገሙ፤ ከዚያም በማኅሌት እንዲያገለግሉ ዜማ ቤት ገቡ።

ማኅሌት የሚቆመው ሌሊት ነው። ተማሪዎቹ ከእንቅልፋቸው ተነሥተው በጫካው የእግር መንገድ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ሣህሉ ከግንድ ጋር ይጋጩ፣ የዛፍ ሥር እየጠለፋቸው ይወድቁ ነበር። መጀመሪያ ሰነፍ፣ ቀጥሎም ፈሪ ተባሉ። ከፊታቸው የሚሄደውን ተማሪ የደበሎ ጫፍ ጨብጠው መሄድ ሲጀምሩ ግን እናታቸው ነገሩ ገባቸው። ልጃቸው ዳፍንት ነበረባቸው፤ ፀሐይ ከገባች በኋላ ምንም አያዩም። የፍየል ጉበት በሉ፤ ጠበል ተጠመቁ፤ ዳፍንቱ አልለቀቃቸውም። አባታቸውም እያዘኑ፣ በቀን ብርሃን የሚሠራ ሙያ ይማሩ ብለው ለቤተ ክርስቲያን ሠዓሊው ለአለቃ ገድሉ ሰጧቸው።

ከአለቃ ገድሉ ዘንድ ቀለም መበጥበጥ፣ ሸራ በግድግዳ ላይ መለጠፍ፣ ደጉን ሰው በሁለት ዓይን፣ ክፉውን በአንድ ዓይን መሣል ተማሩ። በዚህ ሥዕል ጨለማ የለም። ጌታ የተያዘባት ሌሊት እንኳ እንደ ቀትር የበራች ናት፤ ሌሊትነቷ የሚታወቀው ወታደሮቹ ፋኖስ በመያዛቸው ብቻ ነው። ወጣቱ ሣህሉ እውነተኛው ሌሊት ምን እንደሚመስል መምህራቸውን ደጋግመው ጠየቁ። አለቃ ገድሉ ሌሊት የሚታይ ነገር እንደሌለው ነግረው አሰናበቷቸው። ይህን መልስ ዕድሜ ልካቸውን አልተቀበሉትም።

በ1967 ዓ.ም. ባሕር ዳር ገብተው የሱቅና የመሥሪያ ቤት ታፔላ በመጻፍ መተዳደር ጀመሩ። በ1973 ዓ.ም. ደግሞ የጎርጎራ ተወላጇን ወይዘሮ ሥርጉት ሀብተ ሥላሴን በተክሊል አገቡ። ወይዘሮ ሥርጉት ዓሣ አጥማጅ ከነበሩት አባታቸው ጋር ሌሊት በታንኳ መረብ ሲጥሉ ያደጉ ናቸው። እጮኛቸው ዳፍንቱን ሳይደብቁ ሲነግሯቸው፣ “የት አምሽቶ ይሆን ብዬ የማላስብለት ባል አገኘሁ” ብለው ዘመድ አዝማዱን አሳቁት።

ሠዓሊ ሣህሉ ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ከቤት ወጥተው አያውቁም። ሠርግም ልቅሶም ቢሆን ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ይነሣሉ። በሩ ከተዘጋ በኋላ ወይዘሮ ሥርጉት እስከ ሐይቁ ዳር ወርደው ይመለሱና ያዩትን ይነግሯቸዋል። ሰማዩ ነው ወይስ ውኃው ቀድሞ የሚጠቁረው? ጉማሬ ለግጦሽ ሲወጣ ጀርባው ያብለጨልጫል? ጥያቄያቸው አያልቅም ነበር። ውኃው ከሰማይ ዘግይቶ እንደሚጠቁር የተማሩት ከባለቤታቸው ነው። በማግሥቱ ጠዋት የተነገራቸውን ይሥላሉ። ብዙዎቻችሁ በየቤታችሁ የሰቀላችኋቸው የሐይቁ ሌሊቶች የተሠሩት እንዲህ ነው።

በሥዕሎቹ ላይ ታንኳ ቀዛፊዎቹ ሁሉ ሁለት ሁለት ዓይን አላቸው። አንድ አጥማጅ፣ “ጋሼ ሣህሉ፣ በዚያ ድቅድቅ ጨለማ ዓይናችንን እንዴት አዩት?” ብሎ ቢጠይቃቸው፣ “በአንድ ዓይን ሥዬ ከይሁዳ ጎን ላቁምህ?” ብለውታል። ሰው ሲያመሰግናቸው ግን ደስ አይላቸውም ነበር። ሌሊቶቹ የሥርጉት እንጂ የእሳቸው እንዳልሆኑ ይናገሩ ነበር። ምኞታቸው አንዲት ሌሊት ራሳቸው አይተው መሣል ነበር።

በ1998 ዓ.ም. ከመሰላል ወድቀው ሲታከሙ ሐኪሙ የዓይናቸው ብርሃን ከዳር ወደ መሐል እየጠበበ እንደሆነ፣ መድኃኒትም እንደሌለው ነገራቸው። የታፔላውን ሥራ ተዉ። በኋላ በሸምበቆ ቀዳዳ የሚያዩ ያህል ሆነባቸው። እኚያ ሰው ወዳድ አባት በርጩማ ከቦታው ስለተነሣ የሚቆጡ፣ በገዛ ቤታቸው ግድግዳ እየዳበሱ የሚሄዱ ሆኑ። ቤቱ በየዓመቱ እየጠበበባቸው እንደሆነ ይናገሩ ነበር።

ከተማችን ሰዓት እላፊ ሲታወጅባት ጎረቤቶቻቸውን፣ “እንኳን ወደ እኔ ቤት በደኅና መጣችሁ” አሏቸው። ቀልዱ ቀልድ ነው፤ ወይዘሮ ሥርጉት ግን ከዚያ ወዲህ ወደ ሐይቁ መውረድ አልቻሉም፤ የሌሊት ሥዕሉም ቆመ። በ2016 ዓ.ም. ኅዳር ወር በአንዱ ምሽት መብራትም ጠፋ፤ ሻማም በቤት አልነበረም። እንደ ልማዳቸው ምን እንደሚታይ ጠየቁ። ወይዘሮ ሥርጉት፣ “ምንም። እጄንም አላየሁት” አሉ። ሠዓሊ ሣህሉም፣ “እንግዲያው ዛሬ እኩል ሆንን፤ ይህችን እኔም አየኋት” አሉ።

በማግሥቱ ሸራ ወጠሩ። አፍንጫቸው ቀለሙን ሊነካ እስኪደርስ ተጠግተው፣ እስከ ፋሲካ ድረስ ማንንም ሳይጠይቁ ሠሩት። ሐይቅ የለበትም፤ ጨረቃም የለም። የተዘጋ በር፣ ጥቁር ቤት፣ ጎን ለጎን የተቀመጡ ባልና ሚስት፣ ሁለቱም ባለ ሁለት ዓይን ናቸው። ዛሬ በአስከሬናቸው ራስጌ የቆመው ሥዕል ይህ ነው።

ሠዓሊ ሣህሉ ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም. ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ በተወለዱ በ71 ዓመታቸው ዐርፈዋል። በሰዓት እላፊው ምክንያት ጎረቤት መድረስ ስላልቻለ፣ ወይዘሮ ሥርጉት እስኪነጋ አጠገባቸው ብቻቸውን ተቀምጠው አደሩ። ሠዓሊ ሣህሉ ከባለቤታቸው ሌላ ልጆቻቸውን አምባቸውንና ወንጌላዊትን፣ እንዲሁም ሦስት የልጅ ልጆች ትተዋል። ሥርዓተ ቀብራቸው ባደጉበት በዘጌ ይፈጸማል።

የሰው ደበሎ ሳይጨብጡ ወደሚሄዱበት ብርሃን ነፍሳቸውን አምላክ ይምራልን። ለወይዘሮ ሥርጉትም ሌሊቱን ያሳጥርላቸው። አሜን።