እሴይ ሊያሰናብተው የሚችል ሰው

ይድረስ ለእማዬ፣ አዳማ።

እማዬ፣ እንዴት ሰነበትሽልኝ? ቁርጥማትሽ የአዳማን ሙቀት ሲያገኝ ለቀቀሽ ወይስ አባባ ወልደ ሥላሴን ስታነሺ ስትጥዪ ባሰብሽ? እሳቸውስ እህል መቅመስ ጀመሩ? በስልክ ሁልጊዜ «ደህና ናቸው» ትዪኛለሽ፤ እኔ ግን ከጀርባሽ ሲያስሉ ስለምሰማቸው አላምንሽም። እኛ ሁላችንም ጤና ነን። አባዬ የጭነት መኪናውን ይዞ ወደ ሞንታና ሄዷል፤ ቅዳሜ ይመለሳል። እሴይም ደህና ነው፤ ይህን ስጽፍ ከአጠገቤ ሆኖ «ምን እያልሽ ነው?» እያለ አንገቱን ያሰግጋል።

አሁን የምጽፍልሽን በስልክ ያልነገርኩሽ ስልኩን ላውድ ላይ ስለምታደርጊውና ቤቱ ሁሉ ስለሚሰማ ነው። የእትዬ ማንአልሞሽ እህትም ከጎንሽ እንደማትጠፋ አውቃለሁ። ስለዚህ ነገ ለምትበረው ለጓደኛዬ ለሃኒ ደብዳቤውን ሰጥቼልሻለሁ፤ እባክሽ ለብቻሽ ሆነሽ አንብቢው።

አባባን ልታስታምሚ ስትሄጂ ኤርፖርት ላይ የእትዬ ማንአልሞሽን እጅ ይዘሽ «እሴይን አደራ» አልሻቸው። እኔም እፎይ ብዬ ነበር። ገና መመረቄ ነው፣ የጤና ቢሮው ሥራ ሊጀመር ነው፣ እሴይ ደግሞ ከአልጋ ወደ ዊልቸር፣ ከዊልቸር ወደ ሽንት ቤት የሚያነሳው የቤተ ክርስቲያናችን ሰው አገኘ፤ ሌላ ምን እፈልጋለሁ? ማንሳቱ ምን ያህል እንደሚከብድ ለአንቺ አልነግርሽም፤ ወገብሽን የቆረጠሽ እሱ ነው።

መጀመሪያ ያጠራጠረኝ አንድ ቃላቸው ነው። «ከመንግሥት ሰው ከመጣ አክስቱ ናት በሉ» አሉኝ። ለምን ስላቸው፣ «የኔ ልጅ፣ እነዚህ ሰዎች ኮርስ ውሰጂ፣ አሻራ ስጪ፣ ተመዝገቢ ይላሉ። እኔ ስንት በሽተኛ ያነሳሁ ሴት አሻራ የምሰጠው ምን ሰርቄ ነው?» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ዓይኔን ከእሳቸው ላይ መንቀል አቃተኝ።

ቀጥሎ የውሃው ነገር መጣ። ጠዋት ሞልቼለት የምወጣው ኮዳ ማታ ስመለስ እንደሞላ ነው። የልጁ ከንፈር ደርቋል። እማዬ፣ ያሰብኩትን ብነግርሽ ታፍሪብኛለሽ። ሴትዮዋ ማንሳቱ ሲሰለቻቸው ውሃ ከለከሉት አልኩ። እንደ መርማሪ ፖሊስ ኮዳው ላይ በእስክሪብቶ መስመር አሰመርኩ። መስመሩ ሲነካ አላየሁም። አንድ ማታ እሳቸው ሲሄዱ በሩን ዘግቼ እሴይን ያዝኩት።

ስቆ ሊያልፈኝ ሞከረ። አልለቀው ስል «የማልጠጣው እኔ ነኝ» አለኝ። እሳቸውማ ጠጣ እያሉ ሲለምኑት ነው የሚውሉት። ያልጠጣው ሽንት ቤት እንዳይወስዱት ብሎ ነው። «እናትህ ማለት ነኝ፣ ምን ያሳፍርሃል ይሉኛል። ሶ ምን ልበላቸው? ጺም አለኝ እኮ፣ ፀዲ!» አለ። ሲያነሱትም ብብቱን ይዘው ስለሚጎትቱት የቀኝ ትከሻው አብጧል። እጅጌውን ሰብስቤ ሳየው ለምን እስካሁን አልነገርከኝም ብዬ ጮህኩበት። እሱ ግን ቀስ ብሎ «ቢቀየሙስ? እማዬ አደራ ብላ የሰጠችኝ ሰው ናቸው» አለኝ።

ታውቂኛለሽ፣ በማግስቱ ወደ ሌላኛው ጎራ ዘለልኩ። ኦቴሎ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ፈቃድ ያለው የቤት ውስጥ እንክብካቤ ድርጅት አለ፤ ባለቤቱ ጋሽ ንዋይ ይባላሉ። ፈቃዳቸውን ባማረ ፍሬም ግድግዳ ላይ ሰቅለውታል። በየዐረፍተ ነገሩ «እህቴ» ይላሉ፤ እህቴ የሚያበዛ ነጋዴ ደግሞ አልወድም። የፈቃዱን ቁጥር በስልኬ ፎቶ አንስቼ፣ ወጥቼ መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ የስቴቱ ድረ ገጽ ላይ ፈለግሁት። አለ፤ ትክክል ነው። ግን ፈቃድ መኖሩ ማንን እንደሚልኩብን አይነግረኝም። በማስታወቂያቸው ላይ የሚስቁት ፈረንጅ ሽማግሌም በሌላ ድርጅት ማስታወቂያ ላይ ያንኑ ሳቅ ሲስቁ አገኘኋቸው። ተመልሼ ገባሁና ሠራተኛው ቢቀርስ፣ ቢጥለውስ፣ ቢሰክርስ፣ ለማን ነው የምናመለክተው እያልኩ አፋጠጥኳቸው። ጋሽ ንዋይ ግንባራቸውን ጠረጉና «አንቺ ልጅ፣ ኢሚግሬሽን ነው የምትሠሪው?» አሉኝ። ቢሆንም መለሱልኝ፤ ቅሬታ የሚቀበለውን የመንግሥት ቢሮ ስልክም ሳልጠይቃቸው ሰጡኝ። እሱም ራሱ አጠራጠረኝ።

ቤት ገብቼ የሁለቱንም ደካማ ጎን ለእሴይ እየተነተንኩ ሳለ አቋረጠኝ። «ሁሉንም ጠረጠርሽ፣ እኔን ግን አልጠየቅሽኝም» አለ። አፈርኩ። እሺ፣ አንተስ ማንን ትፈልጋለህ አልኩት። «እኔ የምፈልገው ላሰናብተው የምችለውን ሰው ነው። እትዬ ማንአልሞሽን ላሰናብት ብል ሽማግሌ መላክ አለብኝ። ከዚያ ደግሞ የቤተ ክርስቲያኑ ሰው ይጠይቃል፣ አዳማ ያለችው እህታቸው ታኮርፋለች፣ አንቺና አባዬ ትጣላላችሁ። እኔ ውሃ ባልጠጣ አይቀልም?» መጀመሪያ ሳቅሁ። ከዚያ የጋሽ ንዋይን ስልክ ቁጥር ሰጠሁት፤ ደውሎ ሰው እንዲልኩለት ጠየቀ።

ለእትዬ ማንአልሞሽም ሌላ ሰው እንደሚመጣ የነገራቸው ራሱ ነው። አመስግኖ፣ አለስልሶ ነገራቸው። እሳቸው ግን «አደራውን የሰጠችኝ እናትህ ናት። እሷ ካልተቀበለችኝ የትም አልሄድም፤ አደራ በላ ልትሉኝ ነው?» አሉ። እንዳሉትም አደረጉ። ይኸውልሽ፣ ጋሽ ንዋይ የላኩት ሮቢ የሚባል ልጅ እሴይን ሲያነሳ ሲያስቀምጥ እትዬ ማንአልሞሽ ነጠላቸውን አጣፍተው ሶፋው ላይ ተቀምጠው ያፈጡበታል። እሳቸው ከሶፋ፣ እኔ ከኮሪደር። ምስኪን ሮቢ ማን አሠሪው እንደሆነ ሳይገባው ሰነበተ።

ሮቢ ማንሳቱን ተምሮታል፤ መቀነት ያለው ማንሻ ይዞ ይመጣል፣ ትከሻውንም አይነካውም። ችግሩ አፉ ነው። እሴይን እንደ ሕፃን ያናግረዋል። «ጎበዝ! ጉድ ጆብ! አንድ ጉርሻ ደግሞ ለሮቢ!» ይለዋል፤ የኮሌጅ ተማሪውን! እሴይ አንዴ ነገረው፣ ደገመለት። አልተወም። ትናንት ስልኩን አንስቶ ለጋሽ ንዋይ ኮል አደረገ። «ሮቢ ሥራውን ይችላል፣ እኔን ግን የሦስት ዓመት ልጅ አድርጎኛል፤ ሌላ ሰው ይላኩልኝ» አላቸው። ጋሽ ንዋይ ይቅርታ ጠይቀው ሰኞ ሌላ ሰው እልካለሁ አሉ። ሮቢም ሲወጣ ጨብጦት «ኦኬ ማን፣ መልካም ዕድል» ብሎት ሄደ።

እሴይ ስልኩን እንደያዘ ወደ እኔ ዞረ። ከዚያ «ፀዲ፣ አለቀ እኮ! ማንም አልተቀየመም!» አለ። እትዬ ማንአልሞሽ እንኳ ከሶፋው «ደግ አደረግህ» አሉት። ማታውን ሙሉ ሲያፏጭ አመሸ።

እማዬ፣ የሰኞውን ሰው ከአሁኑ ጠርጥሬዋለሁ፤ ያ ጠባዬ ነው፣ አይለቀኝም። ከአንቺ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ለእትዬ ማንአልሞሽ ደውለሽ «አደራዬን ተቀብያለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ» በያቸው። ከእኛ አፍ አይወስዱትም፤ ከአንቺ ብቻ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ተጠርጥረው ሳይሆን ተመስግነው ይሂዱ። እሴይም ከዚያ በኋላ እሑድ ምሳ በእንግድነት ሊጠራቸው አስቧል፤ አሳላፊው እኔ ነኝ አሉ።

አባባ ወልደ ሥላሴን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ፤ ጋሼ መንግሥቴን ሰላም በዪልኝ፣ አባባን አልጋ ላይ በማገላበጥ ስለሚያግዝሽ እግሩ ሥር እወድቃለሁ። ለነኑሪያም ቤት፣ ግድግዳ ለሚጋሩሽ ሁሉ ሰላምታዬ ይድረስ። እሴይ ደግሞ «በጣም እወድሻለሁ፤ በእኔ ምክንያት ማንንም ሽማግሌ እንዳትልኪ» ብሎሻል።

ልጅሽ ፀዲ
ፌደራል ዌይ፣ ሲያትል
ሰኔ ፳፪ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.