ከሁለት ጫፍ የሚጠገን መረብ

ይድረስ ለምወድህ አባቴ፣ አላህ ቀብርህን ኑር ያድርግልህ።

ከተለየኸን ሁለተኛው ክረምት ገባ። እማዬ ጉልበቷን ያማታል እንጂ ምላሷ እንደምታውቀው ነው። የግቢውን በር አረንጓዴ አስቀብታዋለች፤ ብታየው ትስቅ ነበር። ጀልባህ ግን ሐይቁ ዳር ተደፍታ ቀረች። አያ መኮንን ያለ አንተ ዓሣ ላጠምድ አልወጣም ብሎ እምቢ አለ። ዕድሜውን ሙሉ ካንተ ጋር ላጠመደ ሰው ማን ይፈርድበታል?

የምጽፍልህ ስለ ሰአዳ ነው። አብራኝ ከጅዳ የተመለሰችው፣ አንተ ሁለተኛዋ ልጄ የምትላት። ዓሣ አጽድተን ለደሴ ሆቴሎች በሚኒባስ የምንልክበትን ሱቅ ስንከፍት ዱዓ ያደረግህልን አንተ ነህ። ያንን ሥራ ላፈርሰው ትንሽ ቀርቶኝ ነበር።

ጥፋቱ የኔ ነው፣ ወላሂ። አንድ ሆቴል በየቀኑ ታመጡልኛላችሁ ወይ ሲለኝ ሳላማክራት እሺ አልኩ። ነፋስ ሲነሳ ጀልባ እንደማይወጣ ስንት ጊዜ ነግራኛለች። ወሬውን የሰማችው ደግሞ ከኔ ሳይሆን ከሆቴሉ ሰውዬ። አኮረፈች። እኔም ምን አድርጌያት ነው ብዬ ደረቅሁ። ከዚያማ ምን ሆንን መሰለህ፣ በዚያች ጠባብ ክፍል ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠን በቴሌግራም መጻጻፍ ጀመርን! በረዶ አልቋል ብላ ትጽፍልኛለች፤ አይቻለሁ ብዬ እመልሳለሁ። በመጨረሻ ወሩ ሲያልቅ ከሥራው እንደምትወጣ ጻፈችልኝ። እሱንም በቴሌግራም።

አያ መኮንን ዘንድ ሄጄ አለቀስኩ። ምክር አልሰጠኝም፤ መረባችሁን ከጓዳ አውጥቶ አስታቀፈኝ። ልጅ ሳለሁ ከአስር ሰላት በኋላ ሾላው ሥር አንተ አንዱን ጫፍ፣ እሱ ሌላውን ይዛችሁ ስትጠግኑ መሃል ላይ ትገናኙ ነበር። ጀልባ ላይ ክፉ ቃል አይወጣችሁም፤ ሁሉን ለመረቡ ታቆዩታላችሁ። እጃችሁ ሳይገናኝ መነሳት የለም። እኔ ወግ የያዛችሁ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ስትወቃቀሱ ኖሯል! አያ መኮንን የማላውቀውንም ነገረኝ። እጃችሁ ተገናኝቶ ያልተናገርከው ነገር ከቀረህ፣ እሱ እንዳይነሳብህ የጠገንከውን መልሰህ በቢላዋ ትቀደው ነበር አሉ። እያለቀስኩ ሳቄ መጣ።

መረቡን ተሸክሜ ሱቅ ገባሁና አንዱን ጫፍ ለሰአዳ አቀበልኳት። ገላመጠችኝ፤ ያንተ መሆኑን ስታይ ግን ተቀመጠች። ከሰው አፍ መስማቷ እንዳዋረዳት፣ እኔን እህቴ ስትል ከርማ ሠራተኛዬ እንዳደረግኋት ነገረችኝ። እጄም ዓይኔም ክሩ ላይ ስለነበር ለመልስ አልቸኮልኩም። እስክትጨርስ ሰማኋት። እጃችን ሲገናኝ ብድግ አለች፤ ዋናው ነገር ግን ገና ጉሮሮዬ ላይ ነበር። ቢላዋዬን አንስቼ የጠገንኩትን ቀደድኩት። አንቺ ልጅ አብደሻል እንዴ ብላ ጮኸችብኝ። ተቀመጪ አልኳት፤ ያልጠየቅሁሽ ንቄሽ አይደለም፣ እምቢ እንዳትዪኝ ፈርቼ ነው አልኳት። ተመልሳ ተቀመጠች። ከዚያ ክሩን አነሳች።

በነጋታው ከኔ ቀድማ ሱቁን ከፍታ አገኘኋት። ለሆቴሉም ነፋስ በሌለበት ቀን ብቻ እንደምንልክ አጠገቤ ሆና ራሷ ደውላ ነገረችው።

መረብህ አሁን ሱቃችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። በተቀያየምን ቁጥር እናወርደዋለን፣ አንተንም እናነሳሃለን። በዱዓዬም አልረሳህም፣ እስከ ዕለተ ሞቴ።

አንድ ነገር ግን አንጀቴን ይበላዋል። ታመህ በተኛህበት ሰሞን፣ ጅዳ ሳለሁ ሳልደውልልህ ስላለፉት ዓመታት ልነግርህ እየፈለግሁ፣ አፌ ላይ የሚመጣው ሾርባህን ጠጣ ብቻ ነበር። ልናገር ነገ ዛሬ ስል ተነስተህ ሄድክ። አንተን መልሼ የማስቀምጥበት መረብ አጣሁ አባቴ። ይኸው አሁን አልኩት፤ አፉ በለኝ።

ልጅህ ዘሃራ